ታላቅ ወንድሟ የመረጣት ጀልባ

ልብስ አጣቢዋ ከሲታ ናት፤ ሰፈሩ «ላባ» ይላታል። ታላቅ ወንድሟ ጸጉር አስተካካዩም ቢሆን የሚበልጣት በምላሱ ብቻ ነው። ሁለቱ ተደምረው አንድ ደህና ሰው አይወጣቸውም። ታዲያ ለሐይቁ ውድድር ባለ ሸራ ጀልባ ሲገዙ፣ ሁለት ተንሳፋፊ ቀፎ ጎን ለጎን ከተጣመረላቸው ውስጥ ወንድሟ ትልቋን መረጠ። ሸራዋ ብቻ የቤት ጣሪያ ታህላለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ትንሿ ትሻለናለች። ነፋስ ሲመጣ ይቺን በምናችን እንይዛታለን?»

«ዝም በይ አንቺ። ትንሿ የልጆች ናት። ሰው ይስቅብናል።»

ሰውስ መች ከመሳቅ ቀረ። ነፋስ ጠንከር ባለ ቁጥር አንደኛው ቀፎ ብድግ ይላል፤ እነሱ በዚያ ጠርዝ ወደ ውጭ ይንጠለጠላሉ፤ ጀልባዋ ከቁብም ሳትቆጥራቸው ግልብጥ ትላለች። ከተገለበጠች በኋላ ሊያነሷት ገመድ ይዘው ወደ ኋላ ቢለጠጡም ክብደታቸው አያቃናትም። የነፍስ አድን ጀልባው ሾፌር ነው እየሳቀ የሚያነሳላቸው። ልብስ አጣቢዋ አፍ የሚገባው የሐይቁ አረንጓዴ ዝቃጭ ያስጠላል፤ እሷን ይበልጥ የሚያንገፈግፋት ግን ወንድሟ ዳር ወጥቶ፣ «እህቴ ቀላል ሆነችብኝ እንጂ» ማለቱ ነበር።

በአንዱ ውድድር ጠዋት የመንሳፈፊያ ሰደርያዋን ስታጠልቅ ከበዳት።

«ሳይደርቅ ቀርቶ ነው» አላት ወንድሟ። አመነችው፤ ታላቋ አይደል።

መሃል ውሃው ላይ ተገለበጡ። ሰደርያው ወደ ላይ በማውጣት ፈንታ ቁልቁል ጎተታት። እንደምንም ማሰሪያውን ፈትታ፣ አንድ እጇን ከሰደርያው አውጥታ፣ ቀፎውን ሙጭጭ አለች። ሾፌሩ ስቦ ሲያወጣት ሰደርያው ከእጇ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ገበሩን ቢዳብሰው እርጥብ አሸዋ የታጨቀ ፌስታል ተሰፍቶበታል።

«ማነው እንዲህ ያለ ነገር የሚሰፋ?» አለ ሾፌሩ። ዛሬ አልሳቀም።

ተከትሏት ጀልባው ላይ የወጣው ወንድሟ ዓይኑን ሰበረ። «ትንሽ ብትከብድ ብዬ... ለሁለታችንም አስቤ ነው።»

«ያንተ ውስጥስ ስንት ከተትክ?» አለችው።

የሱ ሰደርያ ደረቱ ላይ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነበር። እሷ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፍታ አስመለሳት። ወንድሟ ጀርባዋን ሊደግፍ እጁን ሲሰድ፣

«አትንካኝ» አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ከዚያ ወዲያ ትንሿን ጀልባ ከጎረቤቷ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሆና መረጠች። ሰፊዋም እንደሷው ቀጭን ናት። ነፋስ ሲበረታ የሸራውን ገመድ ለቀቅ ያደርጋሉ፣ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ ያዞራሉ፤ ቀፎው ትንሽ ይነሳና መልሶ ይተኛል።

ወንድሟ አንዳንዴ ዳር ቆሞ፣ «ጠበቅ አድርጊው!» ይላል። እሷ ዞራም አታየው።