ለስቅለት የሚደርስ ጉልበት

ማክሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ግድም። አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንዱ በስሜ ጠራኝ፤ ሌላው ቦርሳዬን ተቀበለኝ። "ለአጭር ጥያቄ ነው" አሉ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ማን ይይዝልኛል ብዬ አሰብኩ። ፌስቡክ ላይ በጻፍኩት ጽሑፍ ምክንያት መያዜን የነገሩኝ ከሰዓት በኋላ ነው።

ያስገቡኝ እዚያው ጉለሌ ውስጥ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግር ለመዘርጋት ጎረቤትን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ክፍሉ የበረኪናና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ነበረው።

የማስተምረው ስፖርት ነው፤ ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት እሱኑ ነው። ስለዚህ ምን እየሆንኩ እንደነበር አውቅ ነበር። የማይሠራ ጡንቻ ይሳሳል። ልብም ሥራ ሲቀንስባት ትለግማለች። ጥቂት ሳምንታት እንደቆየሁ ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው ደረጃ ላይ ማለክለክ ጀመርኩ። መፍትሔው አልጠፋኝም። ግን በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ተነስቼ መንቀሳቀስ አፈርኩ።

አጠገቤ የሚተኙት በዕድሜ የገፉ የቁስቋም ሴት ነበሩ። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። የሚፈለገው ልጃቸው ነው፤ እሱ እስኪገኝ እሳቸውን ይዘው አቆዩአቸው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና አንድ ቀን ቀትር ላይ ለስግደት ተነሱ። ወረዱ፤ መነሳት አቃታቸው። በጎናቸው ወድቀው ከብረት በሩ ጋር ተጋጩ። ተረኛዋ ፖሊስ እየሮጠች መጣች።

"እማማ፣ የሆነ ነገር ቢሆኑ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሰው ሳይደግፍዎ መነሳት እስኪችሉ ስግደት የለም።"

"ስቅለትስ?"

"ስቅለትም ቢሆን።"

እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማታ ላይ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ "ስቅለትን ተቀምጬ ውዬ አላውቅም" አሉ።

አፌን ለመክፈት እስከ ማግስቱ ፈጀብኝ።

"እማማ፣ እግርዎ... ማለቴ፣ ሊጠነክር ይችላል።"

"በምን?"

"በቁጭ ብድግ።"

ሸጎሌ የከብት ገበያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላት ሴት ከጥግ ሳቀች። "ቁጭ ብድግማ ፖሊሶቹም ያሠሩናል! አንቺ ደግሞ ልትጨምሪልን ነው? ለጉልበት ከሆነ እኔን አሰልጣኝ አድርጉኝ። በቀን አምስት ወቅት ሰላት ስሰግድ ያደግኩ ነኝ።"

እማማ አልሳቁም። "ስግደት ስፖርት አይደለም ልጄ።"

"አይደለም። ጉልበትዎ ግን ልዩነቱን አያውቅም።"

የተዳፈርኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። እማማ ትንሽ አዩኝና "እስቲ አሳዪኝ" አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ እህል ሲቀምሱ ጀመርን። ውሃ የሞላውን ጀሪካን ግድግዳው ሥር አስጠግቼ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ አጣጥፌ አነጠፍኩ። ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሳያሳርፉ ይነሳሉ። በኋላ ብርድ ልብሱን እያሳነስን፣ ቀጥሎም ጀሪካኑን አስወግደን ወደ ወለሉ እንደምንወርድ ነገርኳቸው። በሁለተኛው ቀን ጭናቸው ተቆላለፈ።

"ሰበርሽኝ" አሉኝ።

"አልተሰበሩም። ጡንቻው ጥቂት ተጎድቷል። ሰውነት ሲጠግነው ከበፊቱ አጠንክሮ ነው። የሚጠግነው ግን ሲያርፉ ስለሆነ ዛሬ እረፍት ነው።"

"በጾም እረፍት?"

አላመኑኝም። ለእሳቸው ጾም ላይ ማረፍ ስንፍና ነው። እንቅልፍ ሸለብ ባደረገኝ ጊዜ፣ ገና ምንም ሳይቀምሱ፣ ብቻቸውን ሠሩ። ስነቃ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። መጸዳጃ ቤት ደግፋ ያደረሰቻቸው ያችው ፖሊስ ናት። "አላልኩም?" አለች፣ በሩን ስትዘጋ።

በነጋታውም ሊሠሩ ሲነሱ አየኋቸው።

"ይቀመጡ!"

ድምፄ እንዲህ እንደሚወጣ እኔም አላውቅም ነበር።

"አፍ አላት ለካ!" አለች የሸጎሌዋ። "ይቀመጡ እማማ፣ አስተማሪዋ ሳትገርፍዎ።"

እማማ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እየሠሩ አንድ ቀን አረፉ። መሻሻሉ በዓይን የሚታይ አልነበረም። አንዳንዱ ሳምንት ወደ ኋላ የተመለስን ይመስል ነበር፤ እኔም ሰለቸኝ። ብርድ ልብሱ ግን ቀስ በቀስ አነሰ፣ ጀሪካኑም ቀረ። አንድ ቀን ከባዶ ወለል ላይ ሲነሱ የሸጎሌዋ ሳታስበው እልል ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

የስቅለት ጠዋት ያችው ፖሊስ በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወረዱ። ግንባራቸው ወለሉን ነካ። መሐል ላይ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ እጄን ዘረጋሁ፤ ሳያዩኝ ወደ ጎን ገፉት። ተነሱ። ፖሊሷ ይህን አይታ ሄደች። ቀትር ላይ በሌላ ተረኛ ተቀየረች። እማማ ሲሰግዱ፣ ሲያርፉ፣ ደግሞ ሲሰግዱ ዋሉ። እኔም ዓይን መፍራቴን ረስቼ ከጎናቸው ስሰግድ ዋልኩ።

ዛሬም አስተማሪ ነኝ። ሰውነት ለተጫነበት ነገር እንደሚላመድ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የት እንዳየሁት አልናገርም። ሰውነት ለክፉውም ይላመዳል፤ በር ሲንኳኳ ከእኔ ቀድማ የምትነሳው ልቤ ናት። ድካሙም ገና አልወጣልኝም። እማማ ከእኔ በፊት ተፈቱ፤ ልጃቸው ይገኝ አይገኝ አላወቅኩም። ሲመሽ ብዙ ጊዜ የማስበው ግን የስቅለትን ማግስት ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ለቆጠራ "ተነሱ" ተባልን። እማማ ሞከሩ፤ ጭናቸው እምቢ አላቸው። የእኔም እንደዚያው ነበር። የመጣችው የትናንት ጠዋቷ ፖሊስ ናት። ደፉን ስትሻገር የበሩን መቃን ይዛ፣ አንዱን እግሯን በዝግታ አስቀድማ፣ ከንፈሯን ነክሳ ነው። ያንን አረማመድ አውቀዋለሁ። ከተረኝነት ወጥታ የት እንደዋለች ገባኝ።

"እህቴ" አልኳት። እዚያ ቤት በገዛ ፈቃዴ ለፖሊስ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። "ዛሬ ቁጭ ብለን እንቆጠር።"

እማማን አየች፤ ከዚያ እኔን። ጣቷን እየቀሰረች ከነተቀመጥንበት ቆጠረችን። ልትወጣ ስትል ነገርኳት፦

"ነገ ይብስብሻል። ዝም ብለሽ አትተኚ፤ ቀስ እያልሽ ተራመጂ።"