ልደታ፣ በሰው ቤት

እናቴ አብራኝ አዲስ አበባ ለመምጣት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቤቱ ቢፈልግ ያፍስስ፣ ቢፈልግ ይጥበብ፤ ብቻ ጎረቤት ያለው ይሁን» አለችኝ።

ናዝሬት በኖርንበት ግቢ ብቻዋን ሆና አታውቅም። አባቴ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያሳደጉኝ እናቴና ጎረቤቶቿ ናቸው ማለት ይቻላል። ጠዋት እሳት የምትጭረው ከአንዷ ቤት፣ ጨው ሲያልቅባት የምትልከኝ ወደ ሌላዋ ነው። የታመመ ካለ ሳይጠሯት ትሄዳለች። አንድ ቀን ሳትስቅ ከዋለች ሴቶቹ ራሳቸው መጥተው «ምን ሆነሻል?» ይሏታል። መምህርት ሆኜ ጥቂት ዓመት እንደሠራሁ ወደ አዲስ አበባ የተዛወርኩበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ እኔ ደስ ያለኝን ያህል እሷ አንገቷን ደፋች። አንድ ልጇ ነኝ፤ ትታኝ መቅረት አልቻለችም።

ያን ጊዜ ቤት ከግለሰብ መከራየት ቀርቶ ነበር። ትርፍ የተባለው ሁሉ ተወርሶ በቀበሌ እጅ ነው፤ አመልክቶ፣ ተራ ጠብቆ የሰጡትን መቀበል ነው። መጀመሪያ ያሳዩኝ ሳር ቤት አካባቢ፣ ከአንድ ትልቅ ቪላ ጀርባ ያለ ክፍል ነበር። ውሃም መብራትም አለው። እናቴን ከናዝሬት አስመጥቼ አሳየኋት። በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘችው። የድንጋይ አጥርና የብረት በር ብቻ ነው፤ ዝር የሚል ሰው የለም።

«ልጄ፣ እዚህ ማንን ነው እንዴት አደራችሁ የምለው?» አለችኝ። ተውነው።

ልደታን ያገኘችው ራሷ ናት። የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ብዙም አይርቅም ነበርና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልደታ ማርያምን ተሳልመን በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስንመለስ አንድ ጠባብ መንደር ውስጥ ገባን። ቦኖው ዙሪያ ሴቶች ባልዲያቸውን ደርድረው ይሳሳቃሉ። አንድ አናጢ ደጁ ላይ ሳንቃ ይልጋል። በርበሬ ሰሌን ላይ አስጥታ የምትጠብቅ ወፍራም ሴትዮ እናቴ ላቧን ስትጠርግ አየችና በርጩማ አወጣችላት።

«እናቴ፣ አረፍ ይበሉ። ፀሐዩ ይመታዎታል።»

«እኔን ፀሐይ? የናዝሬት ሰው እኮ ነኝ!» አለች እናቴ። ሴቶቹ ሳቁ። ውሃ ሰጧት። ስለ ናዝሬት ሙቀት፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ ጉልበት ቁርጥማት አወሩ። ቤት ፍለጋ ላይ መሆናችንን አልነገርናቸውም፤ ለመሳለም የመጣን እንግዶች ነበርን። ስንነሣ ወፍራሟ ሴትዮ እስከ መንደሩ መውጫ ሸኘችን። እናቴ ዋናው መንገድ እስክንደርስ ድረስ እየዞረች መንደሩን ታይ ነበር። ከዚያ ቆም ብላ፣ «እዚህ ነው» አለች።

ለዚያው ቀበሌ አመለከትኩ። ትምህርት ቤቱም የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሁለት ወር ያህል ተመላልሼ «ቤት ተገኝቷል» ሲሉኝ፣ ያውም እዚያው ቦኖው ያለበት መንደር ውስጥ ሲሆን፣ ማርያም ሰማችን አልኩ። ሁለት ክፍልና ከኋላ አንዲት ትንሽ ማድቤት ያለው የጭቃ ቤት ነው። በሩ ታሽጎ ነበር። ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ መጥቶ እሽጉን ቀደደልኝ። የመንደሩ ሰዎች በየደጃቸው ቆመው ያዩ ነበር። ደስታዬ አቅሌን ስላሳተኝ ፊታቸውን ልብ ብዬ አላየሁም።

ያየችው እናቴ ናት። ዕቃችንን ከጋሪ ስናወርድ አንድም ሰው መጥቶ የቁም ሣጥኑን ጫፍ አልያዘልንም። አናጢው መላጊያውን አንሥቶ ገባና በሩን ዘጋ።

«ሰው ምነው?» አለች እናቴ።

«ሥራ ይዘው ነዋ» አልኳት።

በማግስቱ ባልዲ ይዛ ወደ ቦኖው ስትሄድ ሳቁ ተቋረጠ። ያቺ በርጩማ ያወጣችላት ሴትዮም እዚያው ነበረች። እናቴ ሞቅ አድርጋ «እንዴት አደራችሁ!» አለቻቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ባልዲያቸውን አነሡ። እንዴት አደርሽ ያላት የለም። ዳቦ ጋግራ፣ ቆርሳ በሣህን ለሦስት ቤት ወሰደች፤ ሦስቱም ቤት «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በልተናል» ብለው መለሷት። ያን ዳቦ እኔና እሷ ሳምንት ሙሉ በላነው።

እኔ ቀኑን ተማሪዎቼ ጋር እውላለሁ። ለእሷ ግን ቀኑ ረጅም ነው። ጠዋት ወንበሯን ደጅ አውጥታ ትቀመጣለች፤ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ሰላምታ ታቀርባለች። ማታ ስመለስ፣ «ዛሬ እኮ አናጢው ባርኔጣውን ነካ አደረገልኝ» ትለኛለች። ያንን ይዛ ነበር የምትጠብቀኝ፤ ሌላ የምትነግረኝ ወሬ አልነበራትም።

ነገሩን የነገረኝ ባለ ሱቁ ነው። የጉራጌ አገር ሰው፣ ሽበት የጀመረው፣ ቁጥብ ሙስሊም። አንድ ቀን ክብሪት ልገዛ ስገባ ሌላ ሰው አለመኖሩን ካየ በኋላ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«መምህር፣ አንቺ ክፉ ሰው አትመስይኝም» አለ። «ቀበሌ ውስጥ ዘመድ አለሽ?»

«ማንንም አላውቅም።»

«ታዲያ ያንን ቤት እንዴት ሰጡሽ?»

«አመልክቼ ነዋ። የማን ቤት ነበር?»

ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረኝ። ቤቱ የአንዲት ልብስ ሰፊ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጅ የነበራት። ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። በዚያ በክፉው ዓመት መጥተው ወሰዷት፤ አስከሬኗ እንኳ አልተሰጠም። እናትየዋ እንዳታለቅስ ተከለከለች። በሳምንቱ የድጋፍ ሰልፍ ወጥታ ከሰው ጋር አጨብጭባለች። ከዚያ በሁለተኛው ዓመት፣ «ለአንድ ሰው ሁለት ክፍል አይገባም» ብለው አስወጧትና ቤቱን አሸጉት። አሁን ያቺ ወፍራም ሴትዮ ጓዳ ውስጥ ነው የምትኖረው። መንደርተኛው ቤቷ ይመለስላት ብሎ ፈርሞ ለቀበሌው አስገብቶ ነበር።

«መልሱ እናንተ ሆናችሁ መጣችሁ» አለኝ። «ሰዉ ጆሮ ጠቢ ናችሁ ይላል። አደራ፣ እኔ አልነገርኩሽም።»

ለእናቴ ስነግራት የተቀመጠችበትን ቦታ፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን ዞር ዞር ብላ አየች። «ስንት ጊዜ ነው እዚህ ውስጥ የሳቅሁት» አለች። ከዚያ፣ «ነገ ሄደሽ መልሺላት። እኛ ማድቤትም ቢሆን እናድራለን።»

ሄድኩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ፊቱ የሚያምር ልጅ ነበር። ወንበር ሰጠኝ።

«ቤቱን ልመልስ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ምን ጎደለው? ያፈሳል?»

«አያፈስም። ለቀድሞዋ ሴትዮ ይሰጥልኝ ብዬ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጓድ መምህር፣ ስለ ቀድሞዋ ሴትዮ ማን ነገረሽ?»

ባለ ሱቁ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። «ማንም።»

«ማንም ካልነገረሽ ከየት አወቅሽው?» ፈገግ አለ። ከመሳቢያው ነጭ ወረቀት አውጥቶ ወደ እኔ ገፋው። «አብዮቱ የሰጠሽን ቤት አልፈልግም ያልሽበትን ምክንያት ጻፊና ፈርሚበት። ለማን ልትሰጪ እንደፈለግሽም ጻፊ። ከዚያ ከትምህርት ቤትሽ ጋር እንነጋገርበታለን።»

ወረቀቱን አየሁት። እጄ ጭኔ ላይ ነበር፤ ላነሣው አልቻልኩም። እንደዚያ ያለ ወረቀት ላይ ፈርመው በዚያው የቀሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ነበሩኝ።

«ተሳስቼ ነው» አልኩት።

«መሳሳት ያለ ነው። እናትሽን ሰላም በይልኝ።»

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ምን አሉሽ?»

«እናየዋለን አሉ» አልኳት። በሕይወቴ የዋሸኋት ያኔ ብቻ አይደለም፤ ያኛው ግን ከልቤ አልወጣልኝም። በየሳምንቱ «አዩት እንዴ?» ትለኛለች። በየሳምንቱ «ገና ነው» እላታለሁ።

አምናኝ ነበርና አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልብስ ሰፊዋን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ስታያት እጄን ይዛ እየጎተተች ወሰደችኝ። ሴትዮዋ ቀጭን፣ ትንሽ ናት፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች። እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትነካ ስትል ወደ ኋላ ሸሸች።

«እኅቴ፣ ሳላውቅ ነው የገባሁብሽ» አለቻት እናቴ። «ልጄ ቤቱ እንዲመለስልሽ አመልክታለች። መልሱን እየጠበቅን ነው።»

ሴትዮዋ እናቴን ሳይሆን እኔን አየችኝ። እኔ የጫማዬን ጫፍ አየሁ።

«ይኑሩበት» አለች። «ባዶውን ከሚያድር ሰው ይኑርበት።» መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ወንበሯን ደጅ ማውጣት ተወች። አንድ ጊዜ ብቻ እድር ልግባ ብላ የእድሩን ዳኛ አስጠራች። ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ከደጅ ሆነው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እመቤቴ፣ መዝገቡ ለጊዜው ተዘግቷል» አሏት። እናቴ እድር የሌለው ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ገባች።

ክረምቱ ሲቃረብ ሳል ያዛት። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ የሰጧትን መድኃኒት ትውጣለች፣ ምግብ ግን አትበላም። «ናዝሬት መልሺኝ» አለችኝ። «ፈተና ይለቅና» አልኳት። ፈተናው ሳምንት ብቻ ነበር የቀረው። ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ተማሪ ስፈትን ውዬ ለምሳ ስመለስ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ አገኘኋት። ሰውነቷ ቀዝቅዞ ነበር።

እናቱ የሞተችበት ሰው ይጮኻል። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይመጣል። እኔ ግን አፌን በነጠላዬ አፍኜ ተቀመጥኩ። ጮኼ ማንም ባይመጣስ ብዬ ፈራሁ። ያንን እሷ አጠገብ ሆኜ መስማት አልፈለግሁም።

በኋላ ተነሥቼ ባለ ሱቁ ዘንድ ሄድኩ። ሳልናገር ገባው። ሱቁን ዘግቶ ወጣ። እኔ ተመልሼ አልጋው ሥር ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የገባችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ደፉ ላይ ቆመች። ከወጣች ወዲህ እግሯ ያንን ቤት ረግጦ አያውቅም። ግድግዳውን አየች፤ የውስጠኛውን ክፍል በር አየች። ከዚያ እናቴ እግር ሥር ተንበርክካ ጮኸች። የጠራችው ስም የእናቴ አልነበረም። የልጇን ስም ነበር የምትጠራው።

መንደሩ በሞላ ወደ ቤታችን ጎረፈ። ወፍራሟ ሴትዮ ደረቷን እየደቃች ገባች። የእድሩ ዳኛ፣ መዝገብ የሚባል ነገር ሳያነሡ፣ የድንኳኑን ቋሚ ራሳቸው ተሸክመው መጡ። አናጢው ሳጥኑን ሠራ። ልደታ ማርያም ቀበርናት። ሦስት ቀን ተለቀሰ። እንደዚያ ያለ ልቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አልቃሿ ስለ ለጋ ቀንበጥ፣ ስለ ደብተር፣ ሳትዳር ስለ ቀረች ሙሽራ ታወርዳለች፤ እናቴ ግን ስልሳ ዓመት አልፏት ነበር። አብዮት ጠባቂዎች ድንኳኑ ድረስ መጥተው «ማነው የሞተው?» ብለው ጠየቁ።

«የመምህሯ እናት» አላቸው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ። ሄዱ።

እኔ መካከላቸው ተቀምጬ ነበር። ለልጅቷ አዘንኩ፤ አላዘንኩም ብል ሐሰት ነው። ግን አጠገቤ የነበረችውን ሴት ትከሻ ይዤ፣ እናቴ እኮ እንዴት አደራችሁ ብላችኋለች፣ በየቀኑ ብላችኋለች፣ ብዬ መጮኽ አምሮኝ ነበር። አልጮኽኩም። እንባዬም የመጣው ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው።

ከሠልስቱ ወዲያ ሰላምታ አላጣሁም። እድር አስገቡኝ፤ ሲያመኝ አጥሚት ይዘው ይመጣሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን ተመልሳ ደጄን አልረገጠችም። በዓመቱ ወልቂጤ አካባቢ ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ መሆኑን ስሰማ ወደ ጓዳዋ ሄድኩ። ልብሷን በሻርፕ እየቋጠረች ነበር።

«አላመለከትኩም ነበር» አልኳት። «ወረቀቱ ላይ መፈረም አቃተኝ። እናቴ ሳታውቅ ሞተች።»

ቋጠሮውን አጥብቃ አሠረች። «ያን ዕለት ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ» አለች። «እኔም አጨብጭቤያለሁ።»

ማሪኝ ልላት ነበር የሄድኩት፤ አላልኳትም። ቋጠሮዋን ይዤ እስከ ተክለ ሃይማኖት ሸኘኋትና ታክሲ ላይ አሳፈርኳት። እኔ ከዚያ በኋላ ሌላ ዝውውር እስካገኝ አራት ዓመት እዚያ ቤት ውስጥ ኖርኩ። ሰፈሩ ደግ ሰፈር ነበር። እናቴ አልተሳሳተችም።