ጃፋር ስክሪኑን ያጠቆረ ዕለት

ጃፋር መርካቶ ውስጥ ሚስማር ይሸጣል። ዓይኑን በልጅነቱ ኩፍኝ ወስዶበታል፤ ቁጥር ስድስት ሚስማርን ከቁጥር ስምንት ለመለየት ግን የጣቱ ጫፍ ይበቃዋል። "ሚዛን አጎደልክብኝ" ያለው ደንበኛ እስካሁን የለም።

የሚቸግረው ወረቀት ነው። ስልኩ እንግሊዝኛውን ያነብለታል፤ አማርኛ ሲመጣ ዝም ይላል። ስለዚህ የወረዳውን ደብዳቤ ሁሉ አስራ አንድ ዓመት ያነበበለት ጎረቤቱ፣ የበር ማጠፊያ ሻጩ ሀብተ ወልድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት መልስ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ካርታ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ሻይ ያዛል። ድሮ የሚጫወቱት ጃፋር ጥግ ጥጉን በመርፌ በወጋው ካርታ ነበር። ሀብተ ወልድ ግን "ስታድል በጀርባው ታነበዋለህ" እያለ ሲነጫነጭ ኖሮ በመጨረሻ "በየስልካችን ይሁን፤ እዚያ መርፌ የለም" አለ።

መጀመሪያ የጫነለት ጨዋታ ካርታው ሥዕል ብቻ ስለሆነ ስልኩ ምንም አላነበበም። ከጃፋር ጋር የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማረው ሙደሲር ካርታውን በድምፅ የሚናገር ሌላ ጨዋታ ላከለት። ጃፋር በአንድ ጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ ጀመረ።

ዘጠኝ ቀን በተከታታይ ተሸነፈ። እጁ ላይ የልብ ካርታ ከሌለ ሀብተ ወልድ ልብ ይጥልበታል። ድምፁ ይሾልክ ይሆናል ብሎ ቀነሰው፤ ማዳመጫውን ወደ ሌላኛው ጆሮ አዞረው። ያው ነው።

ያኔ ሌላ ጥርጣሬ መጣበት። በካርታ የሚያታልለኝ ሰው ደብዳቤውንስ በትክክል ያነብልኛል? ባለፈው ወር ስለ ሱቁ የመጣውን "ውሉ ይታደሳል፤ እስከ ሰኔ ሠላሳ ቀርበህ ፈርም ይላል" ብሎታል። ይላል?

ሙደሲር ጋ ደወለ።

"ስልኩን እንዴት ነው የምትይዘው?"

"ደረቴ ላይ፣ እንደ ሬዲዮ።"

"ፊቱስ ወዴት ነው?"

ጃፋር ስልክ ፊት እንዳለው አስቦ አያውቅም።

"አንተ ሰው! ለሀብተ ወልድ ቴሌቪዥን ከፍተህለት ነዋ! ስክሪኑን አጥቁረው፤ ድምፁ ይሠራል።"

በማግስቱ አጠቆረው፤ አያያዙን ግን አልለወጠም። ካርታው ታደለ። የሀብተ ወልድ በርጩማ አንዴ ተንቋቋ፣ ደግሞ ተንቋቋ።

"ጃፋር፣ ስልክህ ጠፋ መሰለኝ። ባትሪ ጨርሰህ ይሆናል።"

"ማን ነገረህ?"

ፊት ለፊት ክር የምትሸጠው ሙሚና ሳቋን ለቀቀችው። "ጋሽ ሀብቴ፣ ተያዙ!"

"አንቺ ደግሞ! አፍንጫዬ ስር አብርቶ ሲያስቀምጠው ዓይኔን ልጨፍን? አስራ አንድ ዓመት መርፌውን ችዬው የለ እንዴ?"

ጃፋር የመርፌውን ነገር እንዳልሰማ አልፎ ጨዋታውን ቀጠለና አሸነፈ፤ ሻይ መጣ። ከዚያ ከሚዛኑ ስር የወረዳውን ደብዳቤ አውጥቶ በሀብተ ወልድ ፊት ለሙሚና ዘረጋላት።

"አንብቢልኝ እስቲ። ቃል በቃል።"

ሙሚና ሳቋን ዋጠች። "የሱቁ ውል ስለሚታደስ... እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ቀርበው እንዲፈርሙ..."

ሀብተ ወልድ ያነበበው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ቃል አልጎደለም። ጃፋር ደብዳቤውን አጥፎ፣ እጥፋቱን በጥፍሩ ደጋግሞ ጫነው።

ሀብተ ወልድ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። "ሌላ ደብዳቤ ከመጣ ለማን ነው የምትሰጠው?"

"መጀመሪያ ላንተ" አለ ጃፋር። "ቀጥሎ ለእሷ።"