እህቴ ያልተቀበለችው ደሜ

እንደዚያን ቀን በገዛ ደሜ ተናድጄ አላውቅም።

ሞባይል ገና ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ ነው። እኔ በከተማው ሆስፒታል ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ታናሽ እህቴ ከቀወት ገጠር መጥታ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ደሟ አልቆም አለ። ሐኪሙ እንደምንም አስቆመውና "አሁን ደም ካላገኘች አትተርፍም" አለኝ። መኪና የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ ከደብረ ብርሃን ደም ይዞ እስኪመለስ ማን ይጠብቃል? እጅጌዬን ሰበሰብኩ። አንድ ሆድ ያፈራን፣ አንድ ጡት የጠባን፤ ከእኔ ወዲያ ማን ይስማማታል! የወንድምና የእህት ደም ሊለያይ እንደሚችል ለስንቱ አስረድቻለሁ፤ በራስ ሲመጣ ግን ልብ አይሰማም።

የደሜን ጠብታ ከእሷ ሴረም፣ ማለትም ከደሟ ከተለየው ፈሳሽ ጋር በመስታወት ላይ ቀላቀልኩ። ወዲያው ተጓጉሎ አሸዋ አሸዋ መሰለ። "ኧረ በእግዚአብሔር!" አልኩ ጮክ ብዬ።

ነገሩ የስኳር ነገር ነው። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው አይደለም፤ ቀይ የደም ሴሌ ላይ፣ በማይክሮስኮፕ እንኳ የማትታይ አንዲት ትርፍ የስኳር ቅንጣት ተንጠልጥላለች። ደሜን ኤ ያሰኘችው እሷ ናት። እህቴ ኦ ናት፣ ቅንጣቷ የላትም። ገና ጨቅላ ሳለች አንጀቷ ውስጥ የገቡት ተሕዋስያን ይህችን የመሰለ ስኳር ለብሰው ነበርና፣ ሰውነቷ ያኔውኑ የሚያውቃት አንቲቦዲ ሠርቶ አስቀምጧል። ባገኘበት ይይዛታል። ወንድሟ ነኝ ብትለው ወይ ፍንክች! ዘመድ አያውቅ፣ ጉቦ አይበላ። እህቴ ከሞት አፋፍ ላይ ሆና እንኳ ይህ ጠባቂ ሥራውን አልተወም። ንዴቴ ሳይበርድ መደነቅ ያዘኝ።

የእናቴ ደም ኦ ነበር፤ የደም ማነስ ስላለባት ግን ሐኪሙ ከለከላት። ሮጣ የማኅበር ሰዎቿን ሰብስባ መጣች። "ከአንድ መሶብ የምንቆርስ ሰዎች ነን፤ እንዴት አይሆንም?" ትላለች። አንዱ ኤ ሆነ፣ ሌላው ቢ። እህቴ እየነጣች ሄደች፤ እኔም ፈራሁ።

ከጎኗ አልጋ ሚስቱን የሚያስታምም ሙስሊም የሽንኩርት ነጋዴ ነበር። "እስቲ እኔንም ሞክረኝ" አለና ክንዱን ዘረጋ። ኦ! ከእህቴ ሴረም ጋር ቀላቀልኩት፤ ምንም አልተጓጎለም። ከበሽታ ነፃ መሆኑንም መረመርኩ።

አሁን ደግሞ እናቴ ተጨነቀች። በዕድሜዋ ሙስሊም ያረደውን ቀምሳ አታውቅም፤ እሱም ክርስቲያን ያረደውን።

"ልጄ፣ ሥጋችሁን ሳንበላ ደምህን እንዴት አድርገን..." አለችው።

"እናቴ፣ እኔም ሼኹን አልጠየቅኩም። መጀመሪያ እሷ ትዳን፣ ከዚያ እርስዎ ቄሱን፣ እኔ ሼኹን እንጠይቃለን" አላት።

ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። መርፌው ሲገባ እሱ "ቢስሚላህ" አለ፣ እናቴ አማተበች። እህቴ ዳነች፤ ተመስገን።

ለልጁ ክርስትና ነጋዴውን ጠራነው። እንደ አገራችን ወግ እናቴ የራሱ ሰዎች የሚያርዱለትን ሙክት በገመድ አስረከበችው። ለብቻ ታረደ፣ በሌላ ድስት ለብቻ ተሠራ። እኔ ሕፃኑን ታቅፌ ሁለቱን ድስቶች ሳይ ሳቄ መጣ።

"እማዬ፣ የተሰጠ ደም ወራት ይቆያል። የእሱ ደም እኮ አሁንም ልጅሽ ውስጥ እየዞረ ነው" አልኳት።

"ድስቱ ይለይ፤ ወጋችን ነው" አለች ኮስተር ብላ። ከዚያ ሕፃኑን ከእጄ ወሰደችና ሄዳ ነጋዴውን አስታቀፈችው።

"አጎትህ ነው" አለችው ለሕፃኑ።