ክርን ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት

ሲስተር ኤቫንቲያ በቀርጤስ ደሴት፣ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተፈነከተ ጭንቅላት ስትሰፋ ኖራለች። የደሴቱ ወንዶች ሞተር ሲነዱ ሄልሜታቸውን ክርናቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ጭንቅላታቸው ላይ የሚያደርጉት ፖሊስ ሲያዩ ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጁን ማኑሶስን ለሦስተኛ ጊዜ ስትሰፋው፣ «አንተ፣ አንጎልህ ያለው ክርንህ ውስጥ ነው እንዴ? እንኳንም ክርንህ ተረፈ!» ብላ አሽሟጠጠችው።

ባለፈው ሐሙስ ስለ ሄልሜት ጥቅም እንድታስተምር አንድ ትምህርት ቤት ጋበዛት። ፀጉሯን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትሠራ ቆይታ ሞተሯ ላይ ወጣች። ፀጉሯ እንዳይበላሽባት ሄልሜቷን ክርኗ ላይ አንጠለጠለችና መታጠፊያው ላይ ከፍየል ጋር ተላተመች።

ለስፌቱ ሲባል ያ ሁሉ ፀጉር ተላጨ። በማግስቱ ማኑሶስ ፋሻውን ሊያስቀይር መጥቶ አልጋዋ አጠገብ ቆመ።

«እግዜር ይማርሽ፣ ሲስተር» አላት። «ክርንሽስ እንዴት አደረ?»