የጂየፋንግ ምሳ

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የባቡር ሐዲድ ከመስኮት ሥር በሚያልፍበት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ግጥም የምጽፈው አውቶቡስ ላይ ነው። አብራኝ የምትሠራው እትዬ፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጣች ሴት፣ መጻፌን ካወቀች ወዲህ ስሜን ረስታዋለች።

«አንተ ገጣሚ! ቻይናው ዛሬም አፉን ዘግቷል። እስቲ በስንኝ ክፈተው!»

«ቻይናው» የምትላቸው ሽማግሌ መናገር ካቆሙ ቆይተዋል። አሁን ደግሞ መብላት አቆሙ። ልጃቸው «የምግብ ቱቦ አይገባበትም፣ ጤነኛ እያለ አስምሎኛል» ብላለች። ስለዚህ ወይ መብላት ነው፣ ወይ መሞት።

በራቸው ላይ የተለጠፈ ፎቶ አለ፤ ጥቁር ባቡር ፊት ቆሞ የሚስቅ ወጣት። ባቡሩን በስልኬ ፈለግኩት። ጂየፋንግ የሚባል የቻይና የጭነት ባቡር ነው፤ በእንፋሎት የሚሄድ፣ ከሰሉን ሰው በአካፋ የሚያጎርሰው። ስሙ ነፃ መውጣት ማለት ነው።

«ነፃ አውጪ በለኛ!» አለች እትዬ። «እኔንም ሱዳን ድረስ የሸኘኝ እንዲህ ያለ ስም ነው።»

ምሳ ሰዓት ላይ የጂየፋንግን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። የኤርፖርቱ ባቡር በመስኮታቸው ሥር ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ዞር ብለው አያውቁም። ይህኛው ሲያፏጭ ግን ጀርባቸው ቀና አለ። ሁለት እጃቸው የሌለ አካፋ ጨበጠ። ከቀኝ ዛቁ፣ ወደ ግራ ወረወሩ። ዛቁ፣ ወረወሩ። ባቡሩ ሲቆም እጃቸው ወረደ፣ አፋቸው ተከፈተ። የሩዙን ገንፎ ሳህኑ እስኪነጻ ዋጡት።

ከዚያ ወዲያ ምሳቸው ትርኢት ሆነ። ከሌላ ፎቅ ሳይቀር ሠራተኛው የእረፍት ሰዓቱን እዚያ ማሳለፍ ጀመረ።

«ጨምር አባባ፣ ዳገት ነው!» ይላል አንዱ።

«እሳቱ ሊጠፋ ነው፣ ቶሎ በል!» ይላል ሌላው።

ክርናቸው የወንበሩን እጀታ እየመታ ቆዳው ተገሸለጠ። ቪዲዮውን እናቁም ያለ የለም፤ እትዬ እጀታው ላይ ፎጣ ጠመጠመችበት። ሰውነታቸው መለስ አለ። ማናጀሯ «ግሩም ነው» ብላ ቪዲዮውን የአመጋገብ ፕላናቸው ውስጥ አስገባችው። እኔም አውቶቡስ ላይ ባቡሩን እንደ ሙሽራ ስለሚወድ ሰው ግጥም ጀመርኩ።

እሑድ ልጃቸው መጣች። አባቷ ሲዝቁ፣ ሰዉ ሲስቅ በሩ ላይ ቆማ አየች። እሷን ሲያዩ ሁሉም አንድ በአንድ ወጡ። እኔና እትዬ ቀረን።

«ማነው ይህን የከፈተው?»

«እኔ ነኝ። ይወዱታል።»

«ይወዱታል?» ሳቀች፤ ፊቷ ግን አልሳቀም። «አባቴ አስተማሪ ነበር። ባቡሩ ላይ ከሰል እንዲዝቅ መንግሥት የላከው ለቅጣት ነው። እንፋሎቱ ከወረደ ሾፌሩ በአካፋ እጀታ ከጉልበቱ ኋላ ይለው ነበር። ምግቡንም ይነጥቀዋል። እናንተ በላ ትላላችሁ። እሱ ሳይነጠቅ ነው የሚውጠው።»

«ፎቶው ላይ ግን ይስቃሉ» አለች እትዬ።

«ሳቅ ተብሎ ነው።»

ቪዲዮውን ዘጋሁት። ልጅቷ ወንበር ስባ ማንኪያውን ራሷ ያዘች። «ባባ» አለቻቸው። አፋቸው አልተከፈተም። ገንፎው በአገጫቸው ወረደ። ጠረገችው፣ ደገመች። ለመነች፣ ተቆጣች፣ የሕፃን የሚመስል ዘፈን አንጎራጎረች። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ የጀመርኩትን ግጥም ከፍቼ አየሁት። ሁሉም ስንኝ ቤት ይመታል።

ሰኞ ልጅቷ ከሥራ ቀርታ መጣች። ያው ነው። ማክሰኞም መጣች። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ነርሷ በእርጥብ ጥጥ እየዳበሰችላቸው «እንዲህ ከቀጠሉ ዘመድ ካለ ይጠራ» አለቻት። ነርሷ ስትወጣ ልጅቷ ሳታየኝ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ስልክህን።»

ከፍቼ ሰጠኋት። ጂየፋንግ አፏጨ። የሽማግሌው ጀርባ ቀስ እያለ ቀና አለ፤ እጃቸው ጨበጠ። እትዬ ፎጣ ይዛ ተነሳች። ልጅቷ ከእጇ ተቀበለቻትና እጀታው ላይ ራሷ ጠመጠመችው፣ እንዳይላቀቅ አጥብቃ። ከዚያ ማንኪያውን ሞልታ፣ ባቡሩ እስኪቆም ጠበቀች።