ያልቀመስኩት ጠላ

መርዶው የደረሰኝ ማለዳ ነው፣ ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሦስት ሴቶች ደጃፌ ላይ ቆመዋል። በዚህ በብርድ አገር ሳይደውል ሰው ቤት የሚሄድ የለም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የለበሱት፤ ሳየው ገባኝ።

«እናቴ ናት አይደል?» አልኩ።

«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ እህቴ» አለች በዕድሜ የምትበልጠን።

«ቆሜ ልስማው።»

«እንግዲህ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለች፤ ሌሎቹ ልቅሶውን ጀመሩት።

እናቴ ከተቀበረች ሰንብታ ነበር። በእኛ ደንብ ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ሰው ተፈልጎ፣ ተለምኖ፣ በማለዳ ይላክበታል። ወንድሜ ያንን ሰው እስኪያገኝ ድረስ «ጉንፋን ቢጤ ይዟት ነው እንጂ ደህና ናት» እያለ አቆየኝ። አልፈርድበትም። ግን እኔ ለጤናዋ ስጸልይ፣ ለቀስተኛው እሷ የጠነሰሰችውን ጠላ ጠጥቶ ጨርሶት ነበር።

እናቴ የምትኖረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ፣ ብቻዋን ነበር። ወንድሜ ደጀን ከተማ ሆኖ የጭነት መኪና ላይ ይሠራል። ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ስንነጋገር የማርያም ማኅበር ተራዋ ደርሶ ጠላ መጥመቅ ይዛ ነበር። የሷ ጠላ በማኅበርተኛው ዘንድ ስም ያለው ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው አሻሮው ላይ ነው ትላለች፣ ለጠላው የሚታመሰው ገብስ ላይ። ቡናማ ሆኖ ወደ ጥቁር ሊሻገር ሲል ከእሳት መውረድ አለበት፤ ቀድሞ ከወረደ ጠላው ይገረጣል፣ ከዘገየ ያራል። እሷ አሳርራ አታውቅም። ሌላ ሴት ያሳረረችው ሲቀርብላት አንድ ጉንጭ ትጎነጭና «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» ብላ ዋንጫውን ታስቀምጣለች። ቤት ስንገባ ግን ትስቃለች።

«ልጄ፣ ለሰው እንዳትናገሪ» አለችኝ ያን ዕለት። «አሻሮው አረረብኝ።»

«ባንቺ? እንዴት ሆኖ?»

«ማማሰያውን እንደያዝኩ። ሳት አድርጎኝ ነው መሰል፣ ጭሱ ነው የቀሰቀሰኝ።»

«አሞሻል እንዴ፣ እማ?»

«ምን ያመኛል! እርጅና ነው እንጂ። እደፋውና ሌላ ገብስ አምሳለሁ። እመብርሃን ፊት ያረረ ላቀርብ ነው?»

ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሳያልቅ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ብደውል ብደውል ወደ እነሱ አገር ኔትወርክ የለም። ድምፅዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

ለቀስተኛው ከቤቴ ሲወጣ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«እታለም፣ በድንገት ነው» አለኝ። «ሳትታመም፣ ሳትንገላታ። ጎረቤት ጠዋት ቢጠራት ዝም አለች፣ በቃ።»

«ጠላውስ?»

«የምን ጠላ?»

«ይዛው የነበረው።»

«እሱማ ድፍድፉ ጋን ውስጥ ተገኘ። ሴቶቹ ውሃ ጨምረው አጠለሉትና ለቀብሯ እሱ ተጠጣ። ሰው ሁሉ ሲያመሰግነው!»

«አርሮ ነበር?»

«እንዴ፣ እታለም! እናቴን ቀብሬ መጥቼ የጠላ ጣዕም ልለይልሽ?»

እውነቱን ነው። እኔም ለምን እንደጠየቅሁት አልነገርኩትም። ጠላው ያላረረ ከሆነ፣ እናቴ ያረረውን ደፍታ፣ ሌላ ገብስ አበጥራ፣ አምሳ፣ አስፈጭታ ነበር ማለት ነው፤ እጇ ላይ ጉልበት ነበራት፣ ወንድሜም እንዳለው በድንገት ሄደች። ያረረ ከሆነ ግን እንደገና ማመስ አቅቷት ያንኑ ከታዋለች። እሷ ደግሞ ካልወደቀች በቀር ያረረ አሻሮ ጋን ውስጥ የምትከት ሴት አይደለችም። እንዲያ ከሆነ ታማ ሰንብታለች፤ ውሃ የሚያቀብላትም አልነበረም። ይህን ሳላውቅ ምን ብዬ እንደማለቅስላት አላውቅም።

እዚህ የምሠራው ሚስታቸው የሞቱባቸውን አንድ ሽማግሌ በመጦር ነው። ከራታቸው ጋር አንድ ጠርሙስ ቡናማ ቢራ ይጠጣሉ፤ ጠርሙሱ ላይ የለውዝ ስም ተጽፎበታል። ስንት ጊዜ ከፍቼ ቀድቼላቸዋለሁ፣ ቀምሼው ግን አላውቅም። ከሐዘኑ በኋላ ሥራ ስገባ ሁለተኛ ብርጭቆ አውጥተው ጠበቁኝ።

«ዛሬስ ትጠጫለሽ። ወይስ ቄስሽ ይቆጡሻል?»

«ጾም አይደለም» አልኩ። «ለውዝ አለበት?»

«የለበትም። መልኩን አይተው ነው ስሙን የሰጡት። ውሸታሞች ናቸው።»

አማትቤ አነሣሁት። በመስኮቱ ብርሃን ሳየው መልኩ ሲፈለጥ የሚታየውን የወይራ ግንድ ውስጥ ይመስላል፣ ቡናማ ሆኖ ወደ ቀይ የሚያደላ። ሽታው አሁን ከእሳት የወረደ ገብስ ነው። አፍ ሲገባ መጀመሪያ ብቅል እንደማኘክ ይጣፍጣል፤ ከዚያ የተጠበሰ የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ነገር ይከተላል። ምሬቱ አጭር ነው፤ እንደ ጌሾ ጉሮሮ ላይ አይቀመጥም። በወይራ የታጠነ ጋን ጢስ የለውም። ጋዙ ምላስ ይቆነጥጣል። ቅዝቃዜው ጣዕሙን የደበቀው ስለመሰለኝ በሁለት እጄ ይዤ አሞቅሁት። ሞቅ ሲል ከሥሩ አንድ ነገር ብቅ አለ፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ምላስ ዳር የሚቀር።

«አርሯል» አልኳቸው።

«አላረረም። ሆን ብለው ነው እስከዚያ የሚቆሉት። ጥሩው እኮ እሱ ነው!»

ሆን ብለው። እናቴ ብትሆን ይህን ሰምታ እንዴት በሳቀች። ብርጭቆውን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። የሷም ጠላ እንዲህ ሆኖ ከነበረ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጬ የጠጣሁ ያህል ይሆንልኛል ብዬ ነበር። አልሆነልኝም። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩልኝ፤ እኔም ሣህኑን አነሣሁ።

እንግዲህ እዚያ የነበራችሁ፣ እናቴን የቀበራችሁልኝ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈላችሁ። የለቅሶ ጠላ እንደማይነቀፍ አውቃለሁ፤ እዚያ ብኖር እኔም አልነቅፍም ነበር። ግን «ጥሩ ነበር» አትበሉኝ፤ እሱን ወንድሜ ነግሮኛል። በተለይ አንቺ የቀዳሽው፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም፣ እንደ ደንባችን ለሰው ከመስጠትሽ በፊት መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ቀምሰሻል። ከሁሉ ቀድሞ ጣዕሙን ያወቅሽው አንቺ ነሽ። ስለ እመብርሃን ብለሽ ሰው ላኪብኝ። ታዝናለች ብለሽ አትፍሪ። አርሮ ከነበረ፣ አርሮ ነበር በይኝ።